የዝንጅብል ሥር ያለበት ብርድ ልብስ

ባለፈው እትም ስለ ስፌት መኪና አያያዝ፣ ስለ ዘይቱና ስለ ቺንጋው ተነጋግረን ነበር። ከዚያ በኋላ በቃልም በደብዳቤም ከደረሱኝ ጥያቄዎች የበዛው አንድ ነው፤ «አሮጌ ብርድ ልብስና ትርፍራፊ ጨርቅ ደራርበን ለሕፃን መጠቅለያ፣ ለአልጋም ልብስ መስፋት እንፈልጋለን። ነገር ግን ላዩ ላይ የሚሰፋውን ቅርጽ ከየት እናምጣ?» የሚል ነው። ሁለት እኅቶች እንዲያውም ከአዲስ አበባ የታተመ ንድፍ ፈልጌ እንድልክላቸው ለምነውኛል። ቅር አይበላችሁና አልልክም። ዛሬ የምጽፈው ንድፉን ራሳችሁ እንዴት እንደምታወጡት ነው፤ የተውሶ ንድፍ ለምን እንደማይበጅም በዚያው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግባባ። ልብሱ ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ የሚታየው ጨርቅ፣ ከመካከል ሙቀት የሚይዘው፣ ከሥር ደግሞ ገበሩ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከላይ እስከ ታች ወግቶ የሚይዛቸው ስፌት አለ። ንድፍ የምለው የዚያን ስፌት መንገድ ነው። በፈረንጅ አገር ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ መኪና፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝም ሳይቀር አለ። አሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? የሚያሞቀን ክሩ ብቻ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር ነው። ጋቢ ለመልበስ የተሠራ ስለ ሆነ መካከሉ ባይሰፋም ምንም አይደለም። በመካከል ባዘቶ ወይም አሮጌ ሹራብ የገባበት ልብስ ግን ዳር ዳሩን ብቻ ከሰፋችሁት አንድ ጊዜ ሲታጠብ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሕፃኑ የተሸፈነው በሁለት ስስ ጨርቅ ነው ማለት ነው።

አማርኛችን ለእንዲህ ያለ ልብስ የቆየ ስም አለው፤ ድሪቶ ይባላል። ስሙን ስንሰማ ወደ አሳባችን የሚመጣው ብልሃት ሳይሆን ድህነት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ጠብ ያመጣል።

እዚሁ ቦምቤ አንዲት ወጣት እኅት አለች። መኪናዋን የገዙት አማቷ ናቸው፣ በዝንጅብል ዘመን። የቦሎሶ ቦምቤን ዝንጅብል የማያስታውስ ጎልማሳ እዚህ አካባቢ አይገኝም። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ ደብተር የያዘው በእርሱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውልግ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ በመሬት ውስጥ በሰበሰ፤ በሽታው ለዘር ከሚቀመጠው ሥር ጋር ስለሚጓዝም ከማሳ ወደ ማሳ ተላለፈ። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ በሆነበት በወላይታ አንድ የገንዘብ ሰብል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። እማማ ያን ጊዜ የነበራቸውን ብዙ ነገር ሸጠዋል፤ መኪናውን ግን አልሸጡም፤ ልጃቸው ሲያገባ ለምራታቸው ሰጧት።

ይህች እኅት ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ እየለቀመች፣ ከልባሽ ተራ አሮጌ ብርድ ልብስ እየገዛች የሕፃን መጠቅለያ መስፋት ጀመረች። ባሏ መልካም ሰው ነው፤ በመዘምራን ያገለግላል፣ በአናጢነት ቤቱን ያስተዳድራል። ነገር ግን፣ «በገበያ መካከል ድሪቶ ይዘሽ ስትቆሚ ሰው ምን ይለኛል? ሚስቱን ማልበስ አቃተው አይሉኝም?» አላት። እርሷም፣ «ልጃችን የሚበላው ከየት ይመጣል?» አለችው። ማታ ማታ መኪናው ሲነሣ እርሱ ከቤት ይወጣ ጀመር። ይህ ሁለት ወር ያህል ቆየ። በሁለት ወር ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ምን ያህል መራራቅ እንደሚችሉ ያገባችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

እኔና ባለቤቴ ሄደን ስናነጋግራቸው ሥራዋን አምጥታ ዘረጋችልን። እውነቱን ልናገርና፣ ባልየው የሚለው ሁሉ ከትዕቢት የመጣ አልነበረም። ልብሱ ያምር አልነበረም። ስፌቱ እዚህ ተጨማዷል፣ እዚያ ደግሞ ላልቷል፤ አበባ ሊሆን የነበረው መስመር አንዱ ከሌላው ጋር አልገጠመም። ለምን? አበባውን የቀዳችው ከውጭ አገር ከመጣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ላይ ነበር። ያን አበባ የሰፋው መኪና መርፌውን ወደ ፊትም ወደ ጎንም እንደ ፈለገ ያዞራል። የእርሷ የእግር መኪና ደግሞ ጨርቁን በጥርሱ ይዞ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚገፋው። የጣት ጫፍ በምታህል አበባ ዙሪያ እንዲዞር ስታስገድደው ጨርቁን ሰብስቦ ያበላሸዋል። እንግዲህ ልብሱን ድሪቶ ያስመሰለው ቁርጥራጩ አልነበረም። ንድፉ የሌላ መኪና ንድፍ ስለ ነበረ ነው። የተውሶ ንድፍ አልልክም ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ ከብዙ በኩል የሚዞራት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። ሰዎቿ በባርነት ከኖሩ አባቶች የተወለዱ ናቸው። ሴቶቹ ብርዱን ለመከላከል ከተቀደደ የሥራ ሱሪ፣ ከከረጢት፣ ካለቀ ቀሚስ እየቆረጡ ድርብርብ ልብስ ይሰፉ ነበር። ብዙዎቹ ባፕቲስት አማኞች ሲሆኑ በስፌቱ ላይ ሆነው ይዘምሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ጥቁሮች ለምርጫ ለመመዝገብ በሚታገሉበት ጊዜ፣ ወደ ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። እነዚህ ሴቶች አንዱን ዓይነት ንድፍ የቤት ጣሪያ ይሉታል፤ ከራሳቸው አሳብ እያመጡ ያለ ምንም ምሳሌ የሚሰፉትን ደግሞ «በእኔ መንገድ» ይሉታል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በዐሥር ቴምብሮች ላይ አተመው። ይህን ለዚያ ወንድም ስንነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «የተቀደደ የሥራ ሱሪ ነው ያላችሁኝ?» ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ጉልበቱ ላይ ያለቀ ሱሪ።

የእነርሱ ውበት በአብዛኛው ከቁርጥራጩ አቀማመጥ የሚመጣ ነው። የእኛ የዛሬ ርእስ በክር የሚሠራው መስመር ነው። ሁለቱን አታምታቱ። ላይኛው ጨርቅ አንድ ወጥ አቡጀዲ ቢሆንም እንኳ መስመሩ ብቻውን ሊያሳምረው ይችላል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ከራስ ንድፍ ማውጣትን እንደ ድፍረት ያየዋል። ማደሪያው የተሠራው በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ ነው፣ እኛም የታየንን እንቅዳ ይላል። ይህን የሚል ሰው ዘጸአት 35ን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ባስልኤልና ኤልያብ የተሰጣቸው የእጅ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የጥበብን ሥራ በአሳብ ማውጣትም፣ ሌሎችን ማስተማርም ጭምር ነው። ኤልያብ ደግሞ ጥልፍ ሠሪ ነበር። ከዚህ በላይ አልሰብክም፣ ወደ ሥራው እንግባ።

ከመሳላችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው በመካከል የምታስገቡት ምን እንደ ሆነ ነው። ባዘቶ ከሆነ፣ ማለት ተዳምጦ የተባዘተ ጥጥ፣ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ጋት አይብለጥ፤ ከበለጠ ጥጡ ይጓጉላል። አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም የሱፍ ሹራብ ከሆነ ራሱ የተያያዘ ስለ ሆነ እስከ ሁለት ጋት፣ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ብታራርቁት ይችላል። ለጀማሪ የምመክረው አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ባዘቶ ይሞቃል፣ ይለሰልሳልም፤ ግን ለአንድ ልብስ የሚበቃውን መዳመጥና ማባዘት የስንት ቀን ሥራ እንደ ሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው መኪናችሁ ነው። ሲንጀርም ይሁን የቻይናው፣ በእግር የሚረገጥ ከሆነ ሦስት ነገር ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሹል ማዕዘንና ሰፊ መታጠፊያ። ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደ ተከለ ተዉት፣ የመኪናውን እግር አንሡ፣ ጨርቁን አዙሩ፣ እግሩን መልሱ። ስለዚህ ሹል ነገር ከትንሽ ክብ ይልቅ ይቀላል፤ ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያስባል። የማይሆነው ጠባብ ክብ ነው። በገበያ ጥልፍ የሚጠልፉ ባለሙያዎች ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥረው፣ የመኪናውን ጥርስ በቀጭን ሳህን ሸፍነው በእጃቸው እየመሩ በጠባቡም ይዞራሉ። ያ ሌላ ሙያ ነው፤ ጣትንም ይወጋል። እናንተ ለመኪናችሁ የሚስማማውን ሳሉ።

ታዲያ ምን እንሳል? ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በወላይታ ሰው ትከሻ ላይ ያለው ዱንጉዛ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫው እንደ መጋዝ ጥርስ እየወጣ እየወረደ ይሄዳል። ያን ጥርስ በክር ብትስሉት ሁሉም ቀጥ ያለ መስመርና ሹል ማዕዘን ነው፤ ለእግር መኪና የተፈጠረ ይመስላል። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የእንሰት ቅጠልም ያምራል፤ መካከለኛው አጥንት፣ ከዚያ ጎንና ጎን የሚወጡት መስመሮች። ችግሩ እያንዳንዱን የጎን መስመር ሄዳችሁ በዚያው መመለስ አለባችሁ፤ ድርብ ስፌት ይሆናል፣ ክርም ይበላል። ለዳር ጌጥ ካልሆነ በቀር ለመላው ልብስ አልመክረውም።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ዝንጅብሉን ነው። አሳቡ የዚያች እኅት ነው፤ የእኔ አይደለም። አንድ የዝንጅብል ሥር ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ተከተሉት። ጣት ይመስላል፣ ከጣቱ ጎን ሌላ ጣት ይወጣል፤ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም። ጫፉ ሁሉ ድቡልቡል ነው። የፈረንጅ ሴቶች ድርብ ልብስ ላይ የሚሰፉትን የሚጠማዘዝ መስመር ያየ ሰው ይህን ዝንጅብል ነው ይላል፤ እነርሱ ግን ያን ስም አልሰጡትም።

እውነተኛው ዝንጅብል ትንሽ ስለ ሆነ ማሳደግ አለባችሁ። በትንሹ ሥዕል ላይ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ አራት ማዕዘን መስመሮች ጣሉበት። በትልቅ ወረቀት ላይ ደግሞ በየ4 ወይም በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ጣሉ። ከዚያ በትንሹ ቤት ውስጥ ያለውን በትልቁ ቤት ውስጥ፣ ቤት በቤት እያያችሁ ገልብጡ። ሥዕል አልችልም የምትለው እኅቴ፣ ይህን ለማድረግ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግሽም፤ መቁጠር ከቻልሽ ይበቃል። ለወረቀት ያለፈ ዓመት ካሌንደር ጀርባው እጅግ ጥሩ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ነጭም ነው፤ በየአማኙ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ አይታጣም።

አሁን ልኩን እንውሰድ። የሕፃን መጠቅለያ 90 በ110 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በአራቱም ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ለዳር ተዉ። የቀረው 80 በ100 ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ቤቶች ስትከፍሉት በወርዱ 4፣ በቁመቱ 5፣ በጠቅላላው 20 ቤት ይሆናል። ስለዚህ መሳል ያለባችሁ አንድ 20 በ20 የሆነ ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ውስጥ ዝንጅብሉ ሁለት ጣት ወደ አንዱ ጎን፣ አንድ ጣት ወደ ሌላው ጎን ያውጣ። እያንዳንዱ ጣት ስፋቱ ከአንድ ጋት አይነስ፤ ጫፉም ከወረቀቱ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

የሁሉም ቁልፍ ግን ይህ ነው፤ መስመሩ ወደ ወረቀቱ የሚገባው በላይኛው ጠርዝ ልክ እኩሌታ ላይ፣ የሚወጣው ደግሞ በታችኛው ጠርዝ ልክ እኩሌታ ላይ መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች አምስት ጊዜ ብትደጋግሙት መስመሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አንዱን ቤት እንዳለ፣ ቀጣዩን ደግሞ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ብታደርጉት ጣቶቹ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይሆናሉ፤ ማንም አንድ ንድፍ መሆኑን አያውቅም። መስመሩ ደኅና መሆኑን ለመፈተን እርሳሱን ሳታነሡ ከመግቢያው እስከ መውጫው ተከተሉት። አንድ ቦታ ማንሣት ካስፈለጋችሁ እዚያ ቦታ ክር ትቆርጣላችሁ፣ ትቋጥራላችሁም ማለት ነው፤ ቋጠሮ ደግሞ በእጥበት ይላላል። እንደገና ሳሉት።

በዚህ ጊዜ ነው ያ ወንድም በነገሩ የገባው። ሚስቱ ወረቀቶቹን መሬት ላይ ደርድራ መስመሮቹ አልገጥም ሲሏት በር ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር። ከዚያ ምንም ሳይናገር የእንጨት ሥራውን ማዕዘን አምጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ አራት ማዕዘን ሳይሆን ገደድ ያለ ነበር። እርሱ በካርቶን አንድ ትክክለኛ 20 በ20 ቆረጠላት፤ እኩሌታውንም በአራቱም ጎን ምልክት አደረገበት። አሁን ካርቶን የሚቆርጠው እርሱ ነው፤ ለዱንጉዛው ጥርስም ሦስት ዓይነት ልክ አውጥቷል። ገበያ አብሯት መቆም ግን እስከ ዛሬ ይከብደዋል። እኛም አልተጫንነውም።

ያለቀውን ንድፍ ወደ ጨርቅ እንዴት እናሳልፈው? በመኪናው ራሱ ነው። ከመርፌው ክሩን አውጡ። ሦስት ወይም አራት ወረቀት ደራርባችሁ በስፒል አያይዙ፤ የተሳለው ከላይ ይሁን። ከዚያ መስመሩን ተከትላችሁ ያለ ክር ስፉት። ወረቀቱ ሁሉ በቀዳዳ መስመር ይሞላል፤ በአንድ ጊዜ አራት ቅጂ አገኛችሁ ማለት ነው። ለጎረቤት የሚሰጥም ይተርፋል። ወረቀት መርፌን ስለሚያደንዝ ለዚህ ሥራ አንድ አሮጌ መርፌ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በእርሱ ጨርቅ እንዳትሰፉ።

ከዚያ ቀዳዳ ያለበትን ወረቀት በጨርቁ ላይ ዘርግታችሁ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ የቋጠራችሁትን የጠመኔ ዱቄት መታ መታ አድርጉ። ወረቀቱ ሲነሣ መስመሩ በነጠብጣብ ይታያል። ለጠቆረ ጨርቅ ነጭ ጠመኔ፣ ለነጭ አቡጀዲ ደግሞ ባለ ቀለም ጠመኔ በጥቂቱ፤ አስቀድማችሁ በቁራጭ ላይ ሞክራችሁ እጠቡት። ከሰልም ይሠራል፣ ነገር ግን በነጭ ላይ አልደፍረውም። አንዲት እኅት እርድ ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። እርድ በፍጹም! ልብሱ እስኪያልቅ አብሮት ይኖራል። ነጠብጣቡ በቶሎ ስለሚረግፍ በደረቀ ሳሙና ስንጣሪ ደግማችሁ አገናኙት፤ ሳሙናው በጠቆረ ጨርቅ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ሲታጠብም በራሱ ይሄዳል። ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ አታትሙ፤ የምትሰፉትን ረድፍ ብቻ።

አቡጀዲ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ስታርቹ ይወጣል፣ የሚሰበሰበውም አስቀድሞ ይሰበሰባል። ገበሩን በምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ መካከለኛውን፣ ከዚያ ላይኛውን ደርቡ። በእጅ ረጃጅም ስፌት ከመካከል ወደ ዳር እየሄዳችሁ ያዙት፤ ይህን የሚዘል ሰው በኋላ ያለቅሳል። መርፌ ቁጥር 14 ወይም 16፣ ስፌቱ ከልብስ ስፌት ረዘም ያለ፣ በ1 ኢንች 8 ያህል ይሁን።

አራት ረድፍ አላችሁ። ከመካከለኞቹ ሁለት ጀምሩ፣ ከዚያ የዳሮቹን ስፉ፤ ሁሉንም ረድፍ ከአንድ በኩል አስጀምሩ። ከዳር ከጀመራችሁ የተገፋው ጨርቅ መካከል ላይ ተሰብስቦ እጥፋት ይሆናል። ያልተሰፋውን ወገን እንደ ሰሌን ጠቅልላችሁ በመኪናው ክንድ ሥር አሳልፉት። የእግሩን መርገጫ ቀስ በቀስ ርገጡ፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ከመቸኮል መቆም ይሻላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ለመላው መጠቅለያ የሰፋችሁት አራት መስመር ብቻ ነው፤ የሚቋጠረውም ስምንት ቦታ፣ ያም ሁሉ ዳሩ ሲከፈፍ ውስጥ ይደበቃል። ያ የፋብሪካ አበባ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ አበባ ላይ ክር መቁረጥ ነበር።

ለባልና ሚስት አልጋ የሚሆን ስትሠሩ ሌላ ችግር አለ። በመኪናው ክንድ ሥር ያለው ክፍተት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ሜትር የሆነ ጥቅልል አያልፍበትም። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ክፍሎች ለየብቻ ሰፍታችሁ በኋላ አገጣጥሟቸው። ይህን ንድፉን ስትስሉ መወሰን አለባችሁ፤ ጣቶቹ ከክፍሉ ጠርዝ 4 ሳንቲ ሜትር ቀርተው ካልቆሙ ስትገጣጥሙ ስፌት በስፌት ላይ ይወጣል። ደግሞ ለአንዱ ክፍል ጠባብ መስመር፣ ለሌላው ሰፊ መስመር አታድርጉ። ብዙ የተሰፋበት ይሰበሰባል፣ ጥቂት የተሰፋበት ይነፋል፤ ልብሱም አልጋ ላይ አይተኛም።

ለመሸጥ የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ አስቡት፤ ጨርቁን፣ ክሩን፣ የመኪናውን ዘይት፣ የእጃችሁንም ሰዓት። ብዙ እኅቶች የመጨረሻውን አይቆጥሩትም፤ ከዚያ ለምን አልተረፈኝም ይላሉ። በክረምት ብርድ ልብስ ፈላጊ ይበዛል፤ በመስከረም ደግሞ ለጊፋታ ሰው ሁሉ ለቤቱ አዲስ ነገር ይሻል። ስለዚህ ወረቀቱን በግንቦት ብታዘጋጁ ለሁለቱም ትደርሳላችሁ። ሌላው ሰው ዝንጅብላችሁን አይቶ ቢቀዳው ብዙ አትዘኑ። ሌላ ሥር ከጓዳ አምጥታችሁ ሌላ ትስላላችሁ።

ያለቀውን የወረቀት ንድፍ አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ጠቅልላችሁ በቀርከሃ ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ አኑሩት፤ አይጥ ወረቀት ይወዳልና ክዳን ይኑረው። በጀርባው ላይ ልኩን፣ መካከሉ ምን እንደ ነበረና የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ «ያን ጊዜ 20 ነበር ወይስ 25?» ብላችሁ እንዳትጠያየቁ።

በሚቀጥለው እትም ዳሩን እንዴት እንደምንከፍፍ፣ በተለይም ጥጉ እንዳያብጥ ምን ማድረግ እንዳለብን እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው የሳላችሁትን ዝንጅብል በፖስታ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ የጓሮ ጎመንም ቢሆን፣ የምጣድ እንቁም ቢሆን እቀበላለሁ። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።